ከቀይ ጉብታ ሥር ዝም ያሉት ሴንሰሮች

ቀይ ጉብታ ያልነው እኛ ነን፤ ካርታው ላይ ቁጥር ብቻ ነበረው። ሻምበላችን እዚያ ሲመሽግ እኔና ጌቱ የመገናኛ ሠራተኞች ነበርን። ሁለታችንም የአቃቂ በሰቃ ልጆች ነን፤ አንድ ሰፈር አደግን፣ አብረን ዘመትን፣ አንድ ኮርስ ወሰድን። የሻምበል አዛዡ ግን መሣሪያ በተበላሸ ቁጥር «ጌቱን ጥሩልኝ» ነበር የሚሉት። እኔ ፊታቸው ቆሜ እንኳ።

ከምሽጋችን ፊት ቁልቁለቱ ላይ የእግር ኮቴ የሚሰሙ ሴንሰሮች ቀብረን ነበር። አንዱ የሰማውን በሬዲዮ ለጎረቤቱ ያቀብላል፣ ጎረቤቱ ለቀጣዩ፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ወሬውን እኛ ስክሪን ላይ ያደርሱታል።

አንድ ማለዳ ሞርታር ዘነበብን። ጋብ ሲል ስክሪኑን አየሁ። መሀል ያለው ሴንሰር ጠፍቷል። ከሱ ወዲያ ሆነው ሸለቆውን የሚጠብቁት ምንም ጉዳት ሳይደርስባቸው ዝም ብለዋል። የሚያቀብልላቸው የለም።

«ወርጄ እቀይረዋለሁ» አልኩ።

«ጠላቶቹ ቦታውን ለክተውታል፤ አዲሱንም ይመቱታል» አለ ጌቱ። «የሞተውን እንተወው። በግራ በኩል ከቋጥኙ ሥር መጠባበቂያውን ብንተክል፣ የወዲያዎቹ ራሳቸው ፈልገው ያገኙታል።»

አዛዡ ወደ እኔ አልዞሩም። «ጌቱ እንዳለው ይሁን» አሉ። ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው ያንገበገበኝ።

ረፋድ ላይ ሁለታችን ወጣን። በደረታችን ተሳብን። መሣሪያውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ቋጥኙ ሥር ተከልነው፤ ጌቱ አንቴናውን አቀና። ጠበቅን። ከዚያ በሬዲዮ የአዛዡ ድምፅ መጣ፤ «ሴንሰሮቹ ሁሉም ተናገሩ! ጎበዝ ጌቱ!»

ጌቱ ዞሮ ሳቀልኝ። «አንተንም ማለታቸው ነው እኮ» አለኝ። ይሄ የባሰ ቆረቆረኝ። በደግነትም በለጠኝ ማለት ነው።

ከቀትር በኋላ ጠላት በሸለቆው መጣ። ሴንሰሮቹ ቀድመው ነገሩን። መትረየሱን አዙረን ጠበቅን። ውጊያው እስከ ማምሻው ዘለቀ። ጉብታውን አለቀቅንም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሬሳ ሰበሰብን። አምስት። መትረየስ ተኳሹ ሐሰን፣ ወጥ ቤታችን ደምሴ፣ ገና ከማሠልጠኛ የመጡ ሁለት ወታደሮች፣ እና ጌቱ። የጥይት ሳጥን ሲያቀብል ፍንጣሪ አንገቱን መታው። እዚያው ቀበርናቸው።

ዛሬ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። የጌቱን እናት ልጠይቅ አቃቂ ስወርድ፣ «ልጄ ያን ቀን ሁላችሁንም አተረፈ አሉ፤ እውነት ነው?» ይሉኛል።

«አዎ እማማ፣ አትርፎናል» እላለሁ።

እውነት ነው። ስናገረው ግን ዛሬም አንድ ነገር ውስጤን ቆንጠጥ ያደርገኛል። በሞተ ሰው አይቀናም ትሉ ይሆናል፣ ልጆቼ። እኔ እቀናለሁ። ምነው ጌቱ ዛሬም ቆሞ እየሄደ፣ እኔ አጠገቡ ሆኜ፣ ሰዉ ሁሉ እሱን እሱን ብቻ ሲል እየሰማሁ በቀናሁበት!