የሚኒ ሚዲያችን እርማት

የጋዜጠኝነት ልምዴ አንድ ክረምት ነው። ጣሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ በታሰረባት የሎተሪ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ከጎፋ እስከ ሀይሌ ጋርመንት «ዛሬ ያልቆረጠ ነገ ይቆጨዋል» እያልኩ ስጮህ ከረምኩ። አንድ ሳምንት ጉሮሮዬ ተዘግቶ ዝም ብል ሽያጩ ጨመረ፣ አሰናበቱኝ። ይሄንኑ ለትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ስነግራቸው «በቂ ነው» አሉና የሚኒ ሚዲያ ክበቡን ሰጡኝ። አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ክፍል ይገባል፤ ተማሪ ሲስቅልኝ ደስ ስለሚለኝ ትምህርቱን እረሳዋለሁ። ከእኔ የተሻለ ሰው ቢፈለግ ይገኝ ነበር፣ ግን የፈለገ የለም።

ሚኒ ሚዲያ ማለት ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ፣ ተማሪው እንደተሰለፈ በድምፅ ማጉያ የሚነበብ ዜና ነው። አድማጩ ብርድ ላይ ቆሟል፣ መሄጃ የለውም፣ ጣቢያ መቀየር አይችልም። እንዲህ ዓይነት አድማጭ ያለው ጋዜጠኛ አገር ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ዕቃችን አንድ ማይክና አንድ አምፕሊፋየር ነው። የአምፕሊፋየሩ ማብሪያ ከተሰበረ ስለቆየ የሚዞረው በፒንሳ ነው። ፒንሳው እኔ ጋ ይቀመጣል፤ የክበቡ ኃላፊ መሆኔም የሚታወቀው በእሱ ነው። ድምፅ ማጉያው የተሰቀለው ደግሞ ከግቢያችን ጀርባ ካለው ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ ነዋሪው በየበረንዳው ልብስ እያሰጣ ዜናችንን ይሰማል።

መጀመሪያ ላይ የልጆቹ ዜና ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። አንዱ ተነስቶ «በትምህርት ቤታችን የተካሄደው የጽዳት ዘመቻ በደማቅ ሁኔታ መጠናቀቁ ተገለጸ» ብሎ አነበበልኝ።

«ማን ነው የገለጸው?» አልኩት።

«ተገለጸ ነዋ ቲቸር።»

«አንተ ዘመቻው ላይ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«እና እንዴት ነበር?»

«መጥረጊያ አልነበረም። ፎቶ ተነሳንና ገባን።»

«እሱን ጻፈዋ።»

«ቲቸር፣ እርስዎ ተምረው ጨርሰዋል፣ እኔ ግን ገና ነኝ» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ልጁ ልክ ነበር።

ቢሆንም የማውቀውን አስተማርኳቸው፤ ብዙም ስላልነበረ ቶሎ አለቀ። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን ሳትመልሱ ወደ እኔ እንዳትመጡ አልኳቸው። ዋናውን ነገር መጀመሪያ ተናገሩት፣ እንደ ሽምግልና የተላከ ሰው ዙሪያውን አትዙሩ። በዓይናችሁ ካላያችሁ ያየ ሰው ፈልጉ። ያሳዘናችሁን ነገር «ልብ የሚሰብር» አትበሉት፤ ነገሩን አስቀምጡና ዞር በሉ፣ ሰሚው ራሱ ይሰበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለቱንም ወገን ጠይቁ፤ የመታውንም፣ የተመታውንም። ይሄን ምሳሌ ያመጣሁት እንዲሁ አፌ ላይ ስለመጣ ነው።

ከልጆቹ አንዷ በቀልዴ አትስቅም ነበር። አሥረኛ ክፍል ናት፣ ከፉሪ በኩል በእግሯ ትመጣለች፣ ከፊት ትቀመጣለች። ስቀልድ እስክጨርስ ትጠብቀኝና እስክሪብቶዋን ታነሳለች። አጠባበቋ ዝናብ እስኪያባራ የሱቅ ጥላ ሥር እንደቆመ ሰው ነበር።

አንድ ሰኞ ከክፍል ስወጣ ወረቀት ሰጠችኝ። እዚያው ቆሜ አነበብኩት።

«ቅዳሜ ጠዋት፣ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ባለው ኮንዶሚኒየም በር ላይ፣ አንድ ነዋሪ የግቢውን ጥበቃ በጥፊ መታ። የመታው በሩ ቶሎ ስላልተከፈተለት ነው።»

በቃ፣ ሁሉም አለበት። ሎተሪ የወጣልኝ መሰለኝ፤ ሎተሪ ሸጬ የማውቅ ሰው ነኝና ስሜቱን ከሌሎች ፊት ላይ አውቀዋለሁ።

«ጎበዝ» አልኳት። «ጥበቃው ማን ነው?»

«አባቴ ነው።»

አባቷን አውቃቸዋለሁ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሰማያዊ ካፖርት የሚለብሱ ሰውዬ ናቸው፤ ሳልፍ «እንዴት አደርክ መምህር» ይሉኛል። የፉሪ ገበሬ ነበሩ። ያ ኮንዶሚኒየም የቆመው ድሮ ጤፍ በሚዘሩበት መሬት ላይ ነው። አሁን እዚያው መሬት ላይ በር ይከፍታሉ። በዚያው ዕለት ጠዋት ጉንጫቸው አብጦ አይቼ ምን ሆኑ ብላቸው፣ ለጠየቀ ሁሉ እንደሚሉት «አዳለጠኝ» ብለውኛል።

«ይሄ ከተወራ አባትሽን ያባርሯቸዋል» አልኳት።

«አውቃለሁ። እሱም ብሎኛል።»

«ታዲያ?»

«አሁንም እየተወራ ነው ቲቸር። ሰክሮ ወድቆ ነው እያሉ ነው። አባቴ አይጠጣም።»

መልስ ሳጣ የማደርገው ደንብ መጥቀስ ነው። «ሁለቱንም ወገን ጠይቂ» አልኳት። እውነቱን ለመናገር፣ አንዲት አሥረኛ ክፍል ልጅ አባቷን የመታ ሰው በር ላይ ሄዳ አታንኳኳም፣ ነገሩ እዚህ ላይ ይቆማል ብዬ ነው።

በማግስቱ መጣች። ሰውየው መኪናውን ሲያጥብ ነው ያገኘችው።

«ምን አለሽ?»

«አዎ መታሁት አለ። ክላክስ እያደረግኩ ተኝቷል፣ ታዲያ ልሳመው እንዴ አለ። ለዜና ነው አልኩት። ለፈለግሽው ይሁን ብሎ ስሙን አስጻፈኝ። ከነአያቱ።»

«አባትሽስ?»

«አልተመታሁም አለ።»

የመታው መታሁ ይላል፣ የተመታው አልተመታሁም ይላል። አንዱ የሚያፍርበት ነገር የለውም፣ ሌላው እፍረቱን ሁሉ ለብቻው ተሸክሞታል። እኔ በዚህ ጊዜ ልቤ ተነክቷል፤ ልቤ ሲነካ ደግሞ አፌ ይረዝማል። መሬቱ የአባትሽ እንደነበር ጨምሪበት፣ ሰው እንባው ይመጣል አልኳት።

«እሱ አዲስ አይደለም ቲቸር» አለች። «አዲሱን ነገር ጻፉ ብለውናል።»

የሰውየውን ስም ከዜናው ሰርዘን «ነዋሪው» አልነው፤ ቅር ሳይለው አይቀርም። መጨረሻ ላይ እሷ ራሷ አንድ መስመር ጨመረች። የምታወሪው ስለ ዘመድሽ ከሆነ ሰሚው ማወቅ አለበት ብዬ ስለነበር ነው።

ረቡዕ ጠዋት አነበበችው። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «ነዋሪው ድርጊቱን መፈጸሙን ለዘጋቢያችን አረጋግጧል። ጥበቃው በበኩሉ አልተመታሁም ብሏል። ዘጋቢዋ የጥበቃው ልጅ ናት።» ከሰልፉ ኋላ በኩል አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ሳቁ መስመር በመስመር ወደ ፊት መጣ። ቀና ስል ኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ የቆሙት ሴቶች ልብስ ማስጣታቸውን አቁመዋል።

በእረፍት ሰዓት ልጆቹ አዲስ ጨዋታ አግኝተው ነበር። እሷ ስታልፍ አንዱ አንድ ጊዜ ያጨበጭባል፣ ጧ። ሌላው ጉንጩን ይዞ ይዞራል። «አዳለጠኝ» ይላል ሦስተኛው። እኔ ራሴ ቀልድ አዋቂ ነኝና፣ ጨዋታው በደንብ የተሠራ ነበር። ብጮህባቸው በሌላ ጥግ ቀጠሉ።

ከሰዓት ዳይሬክተሯ አስጠሩኝ። ቢሯቸው ውስጥ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ሰብሳቢ ተቀምጧል፤ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ለስለስ ብሎ የሚያወራ ሰው ነው።

«መምህር፣ ሰውየው ራሱ አልተመታሁም እያለ እናንተ በግድ ተመታህ ትሉታላችሁ?» አለኝ።

«የመታው ሰው አምኗል እኮ» አልኩ።

«እሱ ተጫዋች ነው። እንደ እርስዎ።»

ዳይሬክተሯ አንገታቸውን ደፉ። ሰብሳቢው ቀጠለ። «እኛ ክፉ ሰዎች አይደለንም። ነገ እርማት ይነበብ። ጥበቃውንም ይዤው እመጣለሁ፣ ባንዲራው ሥር ይቁም፣ ተማሪው ይየው፣ ምንም እንዳልሆነ። ከተነበበ ሥራው አለ። ካልተነበበ በሩን የሚከፍት ሰው መቼም አይጠፋም።»

«ልጅቷ ራሷ ታንብበው» አሉ ዳይሬክተሯ። ወረቀቱን አዘጋጅተው ጨርሰዋል። ወደ እኔ ዞረው «አንተም ፒንሳህን ይዘህ ከጎኗ ቁም። ከዚህ ወረቀት ከወጣች ዝጋው» አሉኝ።

ልጅቷን ፈልጌ ወረቀቱን ሰጠኋት፣ የተባለውንም ሁሉ ነገርኳት። አነበበችው። «ጥበቃው በማንም እንዳልተመታ ተገለጸ» ይላል።

«ማን ነው የገለጸው?» አለችኝ።

«እባክሽ አሁን ተይኝ» አልኳት። «ይሄ የአባትሽ እንጀራ ነው። አንብቢውና ይለፍ።»

አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ሐሙስ ጠዋት ብርዱ ያንገበግብ ነበር። ባንዲራው ተሰቀለ። አባቷ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ባንዲራው ሥር ቆመዋል፣ ተማሪው ሁሉ ጉንጫቸውን ያያል። ዕብጠቱ ጎድሏል፣ አልጠፋም። ሰብሳቢው እንደ ሚዜ ከጎናቸው ነው። ልጅቷ ማይኩን ያዘች፣ ከኪሷ ወረቀት አወጣች።

«እርማት» አለች። «በትናንቱ ዜናችን የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ አንድ ጊዜ በጥፊ መመታቱን ዘግበን ነበር። ይህ ስህተት ነው።»

ሰብሳቢው ፈገግ አለ። ዳይሬክተሯ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ጥበቃው ትናንት ማታ ለዘጋቢያችን እንደተናገረው፣ የተመታው ሁለት ጊዜ ነው። ሁለተኛው በሩን ከከፈተ በኋላ ነው። ለተሳሳተው መረጃ አድማጮቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።»

«ዝጋው» አሉኝ ዳይሬክተሯ በጥርሳቸው።

«ፒንሳው ጠፋ» አልኩ።

ፒንሳው ቀኝ ኪሴ ውስጥ ጭኔን እየወጋኝ ነበር። ጀግና ሆነ ብሎ የሚያስብ ካለ እንዳይሳሳት፤ በዚያ ሱሪ ከሆዴ የተነሳ ኪሴ ውስጥ እጄን ማስገባት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ደግሞም የሚዘጋ ነገር አልቀረም፣ ተነቦ አልቋል።

ከሰልፉ ኋላ አንዱ አጨበጨበ። ሁለት ጊዜ። ጧ፣ ጧ።

ሳቁ ግቢውን ሞላው። አንዳንድ መምህራንም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አባቷ ዞር ብለው አላዩም። የካፖርታቸውን ቁልፍ ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ ፈቱ፣ አወለቁት፣ በደንብ አጥፈው ለሰብሳቢው ሰጡት፤ ካፖርቱ የኮሚቴው ነው። ከውስጥ ስስ ሸሚዝ ነበር የለበሱት። በዚያ ብርድ በሸሚዝ ወደ በሩ ሄዱ፣ እኔም ከኋላቸው ተከተልኩ።

«ጋሼ፣ ለምን ነገሯት?» አልኳቸው።

«ራት ላይ ጠየቀችኝ። አንዴ ነው ወይስ ሁለቴ አለችኝ።» ትንሽ ሄዱ። «ካወራሽው አይቀር አስተካክለሽ አውሪው አልኳት።»

«መጀመሪያ ስትጠይቅዎት ግን አልተመታሁም ብለዋት ነበር።»

«ያኔ ሥራ ነበረኝ።»

«ትናንት ማታም እኮ ነበረዎት።»

ቆመው አዩኝ፣ ልክ ትምህርት እንደማይገባው ተማሪ። «መምህር፣ ልጅህ ፊት ቁምና አልተመታሁም በል ካሉህ፣ እሱ ሦስተኛው ነው። እሱን ደግሞ ማን ይዘግብልኛል?» አሉና ወጡ።

በዚያው ቀን ሌላ ጥበቃ ተቀጠረ። አዲሱ መኪና ገና ከሩቅ ሲያይ በሩን ይበረግደዋል፤ የተማረ ሰው ነው ይላሉ ነዋሪዎቹ። የመታቸው ሰውዬ አሁንም መኪናውን እዚያው ያጥባል። የልጅቷን አባት አልፎ አልፎ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ፣ የቀን ሥራ ከሚጠብቁ ወጣቶች መሐል ቆመው አያቸዋለሁ። ወጣቶቹ ቀድመው ይወሰዳሉ። ማይኩ ዳይሬክተሯ ቢሮ ተቆልፎበታል። ፒንሳውን ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ አሁንም እኔ ጋ ነው።

ልጅቷ ትምህርቷን አላቋረጠችም። ባለፈው ከክፍል ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ የቆሙ ልጆች አዩዋትና አጨበጨቡ፣ ጧ፣ ጧ። እኔ ቶሎ ብዬ ቀልድ ፈለግኩ፤ ዕድሜ ልኬን ሰው ሲያፍር በቀልድ የምሸፍን ሰው ነኝ፣ ያን ጊዜ ግን አንድም አልመጣልኝ አለ።

እሷ ልጆቹን ዞር ብላ አየቻቸው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ቢያንስ ቁጥሩን ይዘውታል፣ ቲቸር» አለችኝና ሳቀች። ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

እኔ አልሳቅኩም።