ደጋ ላይ የተተከለው ዘንባባ

ትናንት ከገበያ ስመለስ አንዲት ሴትዮ አስፋልቱ ዳር ጆንያ አንጥፋ ዘንባባ ትሸጥ ነበር። የሆሳዕና ዋዜማ መሆኑን እሷን እስካያት ድረስ ረስቼዋለሁ። ቅጠሉን በጥፍሯ ሰንጥቃ ሳብ ስታደርገው ያ ጥሬ ዱባ ዱባ የሚል እርጥብ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ እኔም ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ እንደ ሞኝ ቆምኩ። የምገዛ መስሏት "ትልቁን ልስጥሽ፣ እታለም?" አለችኝ። ባሕር ዳር መኖር ከጀመርኩ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ዘንባባ እዚህ በየመንገዱ ስላለ ዞር ብዬም አላየውም። ሽታው ግን ሌላ ነገር ነው። ይዞኝ ሄዶ ደብረ ታቦር፣ የአባቴ ጓሮ ውስጥ፣ ድንጋይ አጥሩ ሥር አቆመኝ።

አባቴ ሹፌር ነበር፤ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር በሚኒባስ ይመላለሳል። የሌላ ሰው አባት ከዚያ ሲመለስ ዓሣ ይዞ ይመጣል፤ የእኔ አባት ችግኝ ይዞ ይመጣል። ያውም የሚበላ ቢሆን ደግ ነበር። ቦገንቪላ፣ ጃካራንዳ፣ ስሙን እሱም የማያውቀው ቅጠሉ ቀይ የሆነ ነገር፤ ባጭሩ ፀሐይ የለመደ ቅምጥል ሁሉ እየተጫነ ወደ እኛ ብርድ ይወጣል። ወረታን አልፎ ዳገቱን ሲጀምር መስኮት ያዘጋል፤ "ልጆቹን ብርድ እንዳይመታብኝ" ይላል። ተሳፋሪው የትኞቹ ልጆች ብሎ ዞር ዞር ሲል፣ ወንበር ሥር የተደረደሩትን ጣሳዎች ያያል። አንድ ጊዜማ አንድ መነኩሴ ቦታ ጠፍቶ እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ጃካራንዳ ታቅፈው መጡ፤ ሲወርዱም ባርከውት ሄዱ። ጃካራንዳው ግን ኅዳርን አልዘለቀም።

እናቴ አዲስ ችግኝ በመጣ ቁጥር ወገቧን ይዛ ትጠይቀው ነበር።

"ይበላል?"

"አይበላም።"

"ለማገዶስ?"

"ኧረ በስመ አብ!"

"ታዲያ ምን ይሠራል?"

"ይታያላ!"

እውነትም ይታይ ነበር። የሰፈሩ ጓሮ ሁሉ ድንችና ጎመን፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ባሕር ዛፍ ነው። የእኛ ጓሮ በዚያ መሐል እንደ ሰርግ ቤት ያስታውቃል። እርግጥ ከመጡት ግማሾቹ ይሞታሉ። አባቴ ግን በሞቱት አያዝንም፤ እንዲያውም የሞተውን ነቅሎ ሥሩን እያገላበጠ "አሁን ገባኝ! አሁን ነው የገባኝ!" እያለ ይጮኻል። ምን እንደገባው የሚነግረው ለእኔ ብቻ ነው። እኔም ትምህርት ቤት ተቀምጬ የማስበው ስለ ኩታራ ጨዋታ ሳይሆን ስለዚያ ስለገባን ነገር ነበር።

ዘንባባው የመጣው ሰባተኛ ክፍልን ልጨርስ ስል ነው። አፉ በተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ፣ ከጉልበቴ የማያልፍ፣ አራት ቅጠል ብቻ ያለው፤ እሾኹ ግን ከትልቁ ዛፍ የማያንስ። አባቴ እንደ ሕፃን ታቅፎ ከመኪናው አወረደው። "ይሄ ከጸደቀ" አለኝ፣ "ይሄ ከጸደቀ እኮ የሆሳዕና ዘንባባ ከታች አናስመጣም! ከዚህ፣ ከራሳችን ጓሮ ቆርጠን ቤተ ክርስቲያን!" እኔም እየዘለልኩ ጀሪካኑን ዞርኩት።

ከጎናችን፣ አጥር ብቻ የሚለየን፣ ጡረታ የወጡ የግብርና ሠራተኛ ነበሩ። ጩኸታችንን ሰምተው በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

"አንተ ሹፌር፣ ይኸ ዘንባባ ነው?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ደጋ ላይ?"

"ደጋ ላይ።"

"ኅዳርን አያልፍም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ችግኝ ሳስተክል የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ውርጭ ይገድለዋል ብየሃለሁ።"

"ካልገደለውስ?"

ሳቁ። "ካልገደለውማ ቅጠሉን እኔው ተሸክሜ ቤተ ክርስቲያን አደርስልሃለሁ።"

ከዚያ በኋላ አባቴን ማን ይቻለው! የመጀመሪያው ሥራችን ቦታ መምረጥ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለታችን ድንጋይ አጥሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፋችን እየዳሰስን፣ የቀኑን ሙቀት ቶሎ የማይለቀውን ድንጋይ ፈለግን። ሦስት ማታ ዳሰስን። እናቴ በር ላይ ቆማ "ግድግዳም ታሞ ትኩሳቱ ይለካ ጀመር?" እያለች ትስቅብናለች። ከምሥራቁ ማዕዘን አጠገብ አንድ ጥቁር ድንጋይ አገኘን፤ ሌላው ሁሉ ቀዝቅዞ እሱ ገና ለብ ያለ ነበር። እዚያው ሥር ተከልነው። ዙሪያውን አባቴ ያረጀ ጎማ አጋደመለት፤ ጥቁር ነገር ፀሐይ ይጠጣል ብሎ ነው። ጎማውን ደግሞ በደረቅ ፍግ ሞላነው።

ኅዳር ሲገባ የጉና ነፋስ እየወረደ ጆሮ ይቆርጥ ጀመር። ማታ ማታ ዘንባባውን በገለባ እንከብበውና በጆንያ እንጠቀልለዋለን፤ ከላይ ደግሞ አባቴ የመኪናውን ያረጀ የወንበር ልብስ ይደርብለታል። ጎረቤታችን በነጋታው ብቅ ይላሉ። "ሙሽራህ እንዴት አደረች?"

ያን ጠዋት ብታዩት! አመዳዩ ጎመኑን አንጥፎት፣ ሣሩ በእግራችን ሥር ቅርሽም ቅርሽም ይላል። ትንፋሻችን እየጨሰ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው የጆንያውን ገመድ መፍታት ያቅተኛል። አባቴ "ቀስ፣ ቀስ" ይለኛል፤ እሱ ራሱ ግን አይታገሥም። ገለባው ሲከፈት የጋጣ ሽታና ሙቀት ፊታችንን ይመታል፣ ከዚያ ውስጥ ያ አረንጓዴ ብቅ ይላል። በየቀኑ እናየዋለን፣ በየቀኑ እንጮኻለን። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ቅጠል ጫፋቸው ተቃጠለ። በሁለተኛው ዓመት ምንም። በሦስተኛው ዓመት የእኔን ደረት አለፈ። እናቴ ሳትቀር ማታ ማታ "ኧረ ያንን ልጅ ሳታለብሱት መሸ!" ማለት ጀመረች።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ ከእኔ በላይ ሆነ። የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ ቤታችን መጥተው ሲወጡ ፊት ለፊቱ ቆሙና ጃንጥላቸውን ዘጉ። "እንግዲህ የዘንድሮው ሆሳዕና ከዚህ ነው" አሉ። አባቴ እጃቸውን ሲስም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አጥሩ ላይ የነበሩት ጎረቤታችን ደግሞ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ቃሌ ቃል ነው፤ እሸከማለሁ" አሉ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰማ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወሬው ዘንባባው ብቻ ነበር።

አሁን የምነግራችሁን ለማንም አልነገርኩም።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ ገና ከመንገድ አልተመለሰም። ሲመጣ ከታች በኩል ያሉትን ትልልቆቹን ቅጠሎች ሊቆርጥ ነው ያሰበው። እኔ ግን መጠበቅ አልቻልኩም። ለንስሐ አባታችን መስቀል፣ ለአባቴ የግንባር ማሰሪያ ሠርቼ ላስደንቃቸው ፈለግሁ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሴቶቹ ሲያስጎነጉኑኝ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ ምርጡ ዘንባባ ገና ያልተከፈተው፣ ከመሐል የሚወጣው ነጩ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ሲታጠፍ አይሰነጠቅም። ከቆላ በሚመጣው ጭነት ውስጥም ሁልጊዜ የምንሻማው ነጩን ነበር።

ቢላዋ ይዤ ገባሁ። እሾኹ ክንዴን እየቧጨረኝ ቅጠሎቹን ገልጬ፣ መሐሉን ይዤ፣ ነጩ እስኪያልቅ ድረስ ወደ ታች ወርጄ ቆረጥኩት። እንዴት ደስ ይል ነበር! እንደ ቅቤ የነጣ፣ ቀዝቃዛ፣ ሲሰነጠቅ ያ ሽታ ጓሮውን የሞላ። እየዘፈንኩ ጎነጎንኩት። አባቴ ሲገባ ሊመሽ ስለነበር በችኮላ ከታች ከታቹ ቆርጦ አሰረና አስቀመጠ፤ ወደ መሐሉ አላየም።

እሑድ ጠዋት የእኛ ሰፈር እንደዚያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም። ጎረቤታችን ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ያንን ሁሉ ቅጠል በትከሻቸው ተሸክመው፣ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ሰው ሁሉ "ጋሼ፣ ውርጩስ?" እያለ ይለክፋቸዋል። እርሳቸውም "ተሸንፌያለሁ፣ ምን ላድርግ! ተሸንፌያለሁ!" እያሉ ይስቃሉ። አባቴ ከኋላቸው ይሄዳል፣ መሬት የነካ አይመስልም ነበር። ቅዳሴው አልቆ ዘንባባው ተባርኮ ሲታደል፣ እኔ መስቀሉን ለንስሐ አባታችን ሰጠሁና ማሰሪያውን ለአባቴ ዘረጋሁለት።

ተቀበለኝ። ነጣቱን አየ። ደጋግሞ አገላበጠው።

"ከየት ቆረጥሽው፣ ልጄ?"

"ከመሐሉ! ነጩ አይደል የሚያምረው?"

ዙሪያችን እልልታ ነው። ከዚያ ግንባሩን ዝቅ አደረገልኝ። "ያምራል" አለኝ። "እሰሪልኝ።"

ከዚያ በኋላ ዘንባባው አዲስ ቅጠል አላወጣም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው "እያረፈ ነው" ይለኛል። ሰኔ ላይ የባዮሎጂ መምህራችን የዕፅዋት እድገት ከየት እንደሚጀምር ሰሌዳው ላይ ሲስል ነው የገባኝ። ዘንባባ እንደ ሌላው ዛፍ ከጎኑ አያቆጠቁጥም፤ አንዱ ግንድ የሚያድገው በዚያች እኔ በቆረጥኳት በመሐሏ ቡቃያ ብቻ ነው። ቆላ ያለው በአንድ ሥር ብዙ ግንድ ሆኖ ስለሚቆም፣ የአንዱን ነጭ ቢወስዱት ሌላው አለ። የእኛ አንድ ነበር። አባቴ ይህን ያውቅ ነበር፤ የሆሳዕና ዕለት፣ ግንባሩን ዝቅ ሲያደርግልኝ ያውቅ ነበር። ቤት ሄጄ ልነግረው አሰብኩ። አልቻልኩም። እሱም አላነሳውም። ክረምቱን ሙሉ ቅጠሉ ተራ በተራ ቢጫ ሲሆን ሁለታችን እያየን ስለ ቦገንቪላው እናወራ ነበር።

መስከረም ሲጠባ አለቀለት። ጎረቤታችን በአጥሩ ሳይሆን በበሩ ዞረው ገቡ። እኔና አባቴ አጠገቡ ቆመን ነበር።

"ምን አገኘው?" አሉ። ድምፃቸው ለቅሶ የደረሰ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

እኔ አፌን ከፈትኩ። አባቴ ቀደመኝ።

"ውርጭ ነው፣ ጋሼ። እርስዎ ልክ ነበሩ።"

"ውርጭ? በክረምት?"

"የታኅሣሡ ነው። ውስጥ ውስጡን ሲበላው ከርሞ ነው።"

ጎንበስ ብለው መሐሉን ገለጥ አደረጉ። ቁርጡ ገና ይታያል፤ ቀጥ ያለ፣ የቢላዋ። ሠላሳ ዓመት ችግኝ ሲያስተክሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ቀና ብለው መጀመሪያ አባቴን አዩት፣ ከዚያ እኔን፤ ፊቴ እንዴት ሆኖ እንደነበር እንጃ። ቅጠሉን መልሰው በቀስታ ገጠሙት።

"አዎ" አሉ። "ውርጭ እንዲህ ያደርጋል።"

አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ያልተስማሙ ሁለት ሰዎች፣ በዚያ ጠዋት እኔ እንዳላፍር ብለው ተስማሙ።

ጎረቤታችን ካረፉ ቆይተዋል። አባቴ መንዳት ትቶ ቤት ውሏል። ሰፈር ውስጥ ዛሬም አንድ ሰው ያልተለመደ ዛፍ ልትከል ሲል "የሹፌሩን ዘንባባ አላየህም? ውርጭ ፈጀው" ይሉታል፤ አባቴም እዚያው ቁጭ ብሎ ራሱን እየነቀነቀ "እውነት ነው" ይላል። እውነት አይደለም። አራት ኅዳር አልፎበታል፣ ውርጭ አንድ ጊዜም አላሸነፈውም።