ስም ያልተጠራበት ጸሎት

ወጣቶችን በማማከር፣ መምህራንን ስለ ወጣቶች አእምሮ ጤና በማሰልጠን ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የራሴ ቁጣ ግን ዛሬም አልሰለጠነም። ደጋ ላይ ባለችው ገረሴ ከተማ የሆነውን ሳስታውስ አሁንም እደነግጣለሁ።

ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ሙቀቱ በሚያፍን አዳራሽ፣ ለደጋው መምህራን ስልጠና ሰጥቼ ነበር። «ተማሪ ጭንቀቱን ከነገራችሁ ብቻችሁን አትሸከሙት፤ አካፍሉ» አልኳቸው። ለባለሙያ ማለቴ ነበር። ግልጽ ስለመሰለኝ አለፍኩት።

ለክትትል ገረሴ ስወጣ ከሰልጣኞቹ አንዱ፣ ቤተ ክርስቲያንም የሚያገለግል ወጣት መምህር፣ ፊቱ በርቶ ተቀበለኝ።

«እህቴ፣ እንዳሉን አደረግሁ። አንዲት ተማሪዬ መኖር ሰልችቶኛል አለችኝ። ብቻዬን አልተሸከምኩትም።»

«ለማን ነገርክ?»

«እሑድ ለጉባኤው የጸሎት ርዕስ አድርጌ አቀረብኩት። ስም አልጠራሁም! እናቷ በቅርብ የሞተችባት፣ አክስቷ ጋ የምትኖር የስምንተኛ ክፍል ልጅ ብቻ ነው ያልኩት። ሰው ሁሉ እያለቀሰ ጸለየላት።»

ክው አልኩ። እንዲህ ያለች ልጅ በዚያ ሰፈር አንድ ብቻ ናት። የት ናት ስለው ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት አልመጣችም አለኝ።

«ምን ነካህ አንተ!» ብዬ ጮህኩበት።

«አካፍሉ ብለውን የለ?» አለኝ፣ ግራ ገብቶት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ወለም ያለው የእኔው አፍ ነበር። ወደ አክስቷ ቤት በጭቃው ስንሮጥ ከፊታችን ሰው በመጣ ቁጥር መርዶ ሊነግረን ይመስለኝ ነበር።

ልጅቷ ጓሮ፣ እንሰቱ መሃል ተቀምጣ አገኘኋት። በሕይወት አለች። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። መምህሩን በር ላይ እንዲጠብቀኝ ነገርኩት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። እሱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

 «ውሃ ልቀዳ ስሄድ ሴቶቹ አይዞሽ ይሉኛል» አለች። «የማላውቃቸውም ጭምር።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ለእርስዎስ ብነግርዎት፣ ሌላ ቦታ ሲያስተምሩ ስለ እኔ ያወራሉ? ስም ሳይጠሩ?»

ሁለተኛው ድንጋጤ ከመጀመሪያው ባሰ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው የስልጠና ማስታወሻ ላይ ሦስት ልጆች በምሳሌነት ተጽፈዋል፤ አንዷ የላንቴ ቀበሌ ሙዝ ገበሬ ልጅ ናት። ስም የለም። ያወቃት ሰው ይኖር ይሆን ብዬ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም፤ አፈርኩ።

«አላወራም» አልኳት።

ያን ቀን ነገረችኝ። ከዚያ በኋላም በየሳምንቱ እየወጣሁ ሰማኋት። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆናለች፤ ይህን ስጽፍ አስፈቅጃታለሁ፣ ክፍሏንም ዝምድናውንም ቀይሬያለሁ። እንሰቱ ሥር የነገረችኝ ግን እዚህ የለም።