የጋሽ ሞገስ የጸሎት ርዕስ

ጋሽ ሞገስ ጁባ ውስጥ የአንድ የእርዳታ ድርጅት መካኒክ ናቸው። ሁለት ዓመታቸውን የበላችው የአለቃቸው የእንግሊዝ መኪና ናት። ፋብሪካው የቤተሰብ መኪና መሥራት ሰልችቶት፣ ከውድድር መኪኖች ጋር ልፎካከር ብሎ ያወጣት ሞዴል ናት አሉ። የፍጥነት መለኪያዋ ሁለት መቶ ስድሳ ድረስ ይቆጥራል፤ እሷ ግን የጋራዡን በር አታልፍም። ዛሬ ሴንሰር፣ ነገ ራዲያተር።

ረቡዕ ረቡዕ እኛ ቤት ለጸሎት ስንሰበሰብ ሌላው ስለ ልጁና ስለ ጤናው ጸልዩልኝ ይላል። እሳቸው በደከመ ድምፅ፣ «ያው መኪናዋ» ይላሉ። እውነቱን ልናገርና፣ ለብረት መጸለይ መሮኝ ነበር።

ባለፈው ወር መኪናዋ ተነሳች። ባለቤቴ አረጋሽ ደስ ብሏት፣ «እንግዲህ ጋሽ ሞገስ ይመስክሩ!» አለች።

«ቆይ፣ መጀመሪያ የናይልን ድልድይ ተሻግራ ጉምቦ ደርሳ ትመለስ» አሉ ዓይናቸውን እያሹ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ሳይጠየቁ ለምስክርነት ተነሱ። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። እስኪበርድ ጠበቁና እንዲህ አሉ፦

«ስለ አሮጊቷ የድርጅታችን ቶዮታ ጌታ ይመስገን። ድልድዩ ላይ ቆመን ስንቀር፣ በገመድ ጎትታ ያመጣችን እሷ ናት።»