በዜማ የተሸመደደው ሰሌዳ

ዓይን መርማሪዋ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችው በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የመመርመሪያው ሰሌዳ ከሚመረመረው ሰው ስድስት ሜትር መራቅ አለበት፤ ክፍሏ ግን ከግድግዳ ግድግዳ ሦስት ሜትር ተኩል አትሞላም። ስለዚህ ሰሌዳውን ከበሽተኛው ጀርባ ሰቅላ፣ ከፊቱ መስታወት አቁማ፣ በመስታወቱ ውስጥ ታስነብባለች። ሰው አንድ በአንድ ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ የውጪው ወንበር ላይ የተቀመጡት የውስጡን አይሰሙም።

ወደ ተራራዎቹ መንደሮች ልውጣ ብላ ሦስት ዓመት ለመነች። የጤና ጣቢያው ኃላፊ በዕድሜ ልጇ የሚሆን ሰው ነው፤ ያከብራታል፣ ግን አይሰማትም።

«የተራራ ልጅ ዓይኑ ምን ይሆናል ብለው ነው?» ይላታል። «ማዶ ያለችው ፍየል እርጉዝ ትሁን አትሁን ከዚህ ሆኖ ይነግርዎታል እኮ።»

«እርስዎ የሰሙት የሚያየውን ልጅ ነው» አለችው አንድ ቀን። «የማያየው ዝም ስለሚል አልሰሙትም።»

በዚህ ተረታ። አንድ በቅሎ፣ አሥር ቀንና አርባ መነጽር ፈቀደላት፤ አምስት መንደር እንድታዳርስ። «ችግር ያለበት ልጅ ካላገኙ ግን የተራራው ነገር በዚሁ ያበቃል» አለ። እሺ አለች። ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት ቀርቷታል፤ ይህ ጉዞ ከተዘጋ ሌላ የሚጠይቅ እንደማይመጣ ታውቃለች።

ባለበቅሎው የእሷ እኩያ የሚሆን ወሬኛ ሰው ነው። ሲስቅ አፉን በመዳፉ ይሸፍናል፤ ስለሚስቅም እጁ ከአፉ አይጠፋም።

«እትዬ፣ ጉልበትዎ ሲንቋቋ በቅሎዋ ደንብራ ገደል እንዳትከተን።»

«እርስዎ አፍዎን ሲዘጉ ጉልበቴም ዝም ይላል፣ ጋሼ።»

የመጀመሪያው መንደር ከሁሉም ከፍ ያለው ነው፤ ሌሎቹ ከእሱ እየወረዱ ይሄዳሉ። ልጆቹ መንደሩ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ሲቀራቸው መንገድ ላይ ወጥተው ጠበቋቸው። አንዷ እጇን ያዘች፤ አንዱ የበቅሎዋን ጭራ ሊይዝ ሲል ተቆጡት።

«እማማ፣ በቅሎዋ የተሸከመችው ሳጥን ውስጥ መርፌ አለ?»

«የለም።»

«ይማሉ!»

«ዓይኔን ያጥፋው!» አለች። ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ነው ለሙያዋ የማይሆን መሐላ መሆኑ የገባት። ባለበቅሎው እጁን አፉ ላይ አደረገ።

ሰሌዳው ፊደል የለበትም። ሦስት እግር ያላት አንዲት ምልክት ከላይ እስከ ታች እየቀጨጨች ትደጋገምበታለች፤ ልጁ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ይሸፍንና እግሮቿ ወዴት እንደዞሩ በእጁ እያሳየ ይናገራል። ልጆቹ ወዲያው «ሹካ» አሏት። ሰሌዳውን በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀለች፤ ስድስት ሜትሩን በየሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ዘርግታ ለካች። መንደሩ በሙሉ ዙሪያዋን ከበበ። እያንዳንዱ ልጅ ሲጨርስ እንደ ልማዷ «ጎበዝ! ሙሉ አገኘህ!» ትላለች።

ሃያ ሰባት ልጅ አየች። ሃያ ሰባቱም ሙሉ አገኙ። በሁለተኛው መንደር ሃያ ሁለት፣ በሦስተኛው ሠላሳ። አንድ ስህተት እንኳ የለም፤ እንዲያውም ሦስተኞቹ ሹካዋን ሳትጠቁማቸው ቀድመው ያሳዩ ነበር።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ መዝገቧን አገላበጠች። ከተማ ቢሆን ከሰባ ዘጠኝ ልጅ ቢያንስ ስምንቱ መነጽር ይፈልጋሉ።

«ደስ ይበልዎት እንጂ» አለ ባለበቅሎው። «ጤነኛ አገኘሁ ብሎ የሚያዝን ሐኪም ያየሁት ገና ዛሬ ነው።»

ነገሩ ስለነካት መዝገቧን ዘግታ ተነሣች።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ አራተኛው መንደር ደረሱ። ፊቷን ልትታጠብ ሳሙና ይዛ ወደ ጅረቱ ስትወርድ ልጃገረዶች ገመድ ሲዘልሉ ሰማች። አንዲት ቀጭን፣ አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ።

«ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣
ሹካ ሹካ፣ ማንን ልትጠራ!»

መርማሪዋ ባለችበት ቆመች። ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ የሰሌዳዋ አምስተኛ መስመር ነው። ልጆቹ ወደ ስድስተኛው አለፉ። ስድስተኛውም ልክ ነው።

«ማነው ይህን ያስተማራችሁ?»

«የላይኞቹ ልጆች እዚህ ወፍጮ ቤት ሲመጡ ነገሩን» አለች ቀጭኗ ያለ ምንም ሐፍረት። «ዜማውን ግን ያወጣሁለት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«እነሱ ሁሉም ሙሉ አግኝተው እኛ ልንወድቅ ነው እንዴ? ዕድሜ ልካችንን ሲሰድቡን ሊኖሩ!»

መርማሪዋ ጅረቱ ዳር ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጥፋቱ የራሷ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በተዘጋ በር ጀርባ ስትሠራ ሰሌዳው ሊሸመደድ እንደሚችል አስባ አታውቅም። እዚህ በር የለም፤ ተራ የሚጠብቀው ልጅ ሁሉ የፊተኛውን መልስ እየሰማ ነበር። በዚያ ላይ «ሙሉ አገኘህ» እያለች ምርመራውን የመንደሮች ውድድር ያደረገችው እሷው ናት።

የመነጽሮቹን ካርቶን ቀደደች፤ በመቀስ አንዲት ሹካ ብቻ ቆረጠች። ከኋላዋ ሆኖ በእጅ የሚጠቁም እንዳይኖር ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ተቀመጠች። የቀሩትን ልጆች ከሚመረመረው ኋላ ሰበሰበችና፣ «በሉ ዜማችሁን አውጡ፤ በኃይል!» አለቻቸው። የሚዘፍን አፍ አያንሾካሹክም። እሷም ሹካዋን ከጀርባዋ እያዞረች እንዳሻት ታወጣለች።

ከቀጭኗ በፊት ከቆሙት ሃያ ሦስት ልጆች አራቱ ሳቱ። በመጨረሻ ቀጭኗ ቆመች።

«ይቺስ ወዴት ዞራለች?»

«ላይ» አለች በዜማው ተራ። ከዚያ እጇ አየር ላይ ቀረ። «እማማ… ሹካዋ የት አለች?»

መርማሪዋ ገመዱን ተከትላ እንድትቀርብ ነገረቻት። አምስተኛው ቋጠሮ፣ አራተኛው፣ ሦስተኛው። ከአንድ ሜትር ላይ ነው የታያት።

እናትየዋ ጣልቃ ገባች። «ስህተት ነው! መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባልኝ እሷ እኮ ናት!»

«የቅርቡን ከሁላችንም አብልጣ ታያለች፣ እህቴ። የጠፋባት የሩቁ ነው።»

«ለዚህ ነዋ በስሟ ካልጠሯት ከመንገድ ማዶ ያለን ሰው ሰላም የማትለው! ኩራት መስሎኝ ስገርፋት!»

መርማሪዋ ከባዱን የመሞከሪያ መነጽር በልጅቷ አፍንጫ ላይ አስቀምጣ ሌንሶቹን በየተራ አስገባች። በሦስተኛው ላይ ልጅቷ አንገቷ ቀጥ አለ። ሰውን አንድ በአንድ ቃኘች፤ ይስቅ የነበረው ባለበቅሎ ላይ ዓይኗ አረፈ። እጁን ረስቶታል።

«ጋሼ! የፊት ጥርስ የለዎትም እንዴ?»

«ሃያ ዓመት የደበቅሁት ገመና!» ብሎ ጮኸ ባለበቅሎው። «እትዬ፣ ይበቃል! ይቺ ልጅ አይታለች!»

ሳቁ እስኪበርድ መርማሪዋ ለልጅቷ የሚስማማትን መነጽር ከሳጥኑ አውጥታ አደረገችላት። ከዚያ ወደ ላይኞቹ መንደሮች ተመለከተች። እንደገና የሚታዩት ሰባ ዘጠኝ ልጆች ያሉት እዚያ ነው፤ የቀረው አራት ቀን ነው፤ ያልተነካም አንድ መንደር አለ። ባለበቅሎው ሐሳቧ ገባው።

«ወደ ላይ ከሆነ እኔና በቅሎዋ አድመናል።»

«ምን ይወጣሉ?» አለች ባለ መነጽሯ። «ነገ የወፍጮ ቀን አይደል? እነሱ ወደዚህ ይመጣሉ። አመጣጣቸውን ለኔ ይተዉልኝ።»

በማግሥቱ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ አምስቱ ባለ መነጽሮች ተደርድረው፣ ከላይ የሚወርደውን ሁሉ በአዲስ ዜማ ተቀበሉት፦ «እኛ አምስት አለን፣ እናንተስ ስንት?» የላይኞቹ ልጆች እህላቸውን ጥለው ወደየመንደራቸው ሮጡ። ከሰዓት በኋላ ሦስቱ መንደሮች አቧራ እያስነሱ ወረዱ፤ «እኛም እንታይ!» እያሉ። መርማሪዋ ዱቄት በለበሰው ግድግዳ ሥር ተቀምጣ ሁለት ቀን ሙሉ ሹካዋን አዞረች። አሁን ደግሞ መነጽር ፈልጎ የሚዋሽ ተነሣ። አንዱ ልጅ ሹካዋን ወደ ላይ ስታሳየው ታች፣ ወደ ቀኝ ስታሳየው ግራ እያለ አንድም ጊዜ ሳይሳሳት ተቃራኒውን አሳየ።

«ሂድ፣ ወሮበላ» አለችው። «እንዲህ በትክክል የሚሳሳት ጥሩ አድርጎ የሚያይ ብቻ ነው።»

ከላይኞቹ አሥራ ሁለት ተገኙ። በሦስተኛው ቀን ወደ አምስተኛው መንደር ወርዳ፣ ከአሥራ አምስት ልጆች ሁለት አገኘች። የአራተኛው መንደር ልጆች ተከትለዋት ወርደው ነበር። ስልክ የሚይዘው እዚያ ካለ ኮረብታ ላይ ነው፤ ወጥታ ደወለች።

«እህ፣ ተገኘ?» አለ ኃላፊው።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«አሥራ ዘጠኝ ምን?»

«የማያዩ የነበሩ ልጆች። ከመቶ አሥራ ስምንት።»

ከወዲያኛው ጫፍ የወረቀት ድምፅ ተሰማ።

«ከወንዙ ወዲያ ያሉት መንደሮች ስንት ናቸው?»

«ሰባት።»

«ለሰባቱ… አሥራ አምስት ቀን ይበቃዎታል?»

«ሃያ።»

«አሥራ ሰባት እናድርገው።»

«ሃያ» አለች እንደገና። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ነፈሰ።

«እሺ» አለ። «ሃያ ቀን። በደብዳቤ አጸናዋለሁ።»

ስልኩን ኪሷ ከተተች። ከኮረብታው ሥር ባለበቅሎውና ልጆቹ አንጋጠው ይጠብቃሉ፤ መነጽሮቹ በፀሐይ ያበራሉ።

«ሃያ ቀን!» ብላ ጮኸች ወደ ታች፤ ከወጣትነቷ ወዲህ እንዲህ ጮኻ አታውቅም።

ሃያ ቀን ምን እንደሆነ አንዱም አልገባውም። ድል መሆኑ ግን ለሁሉም ገባቸው፤ ቀጭኗ ልጅ ወዲያው ዜማ አወጣችለት፣ ሌሎቹም ተቀበሏት።