ማዳመጫውን የመረጠችው ልጅ

ባለቤቴ በመስኖ መሥሪያ ቤት የውሃ መሳቢያ ሞተር ጠጋኝ ነው። ሸዋ ሮቢት ዙሪያ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች ሞተራቸው ሲቆም የሚጠሩት እሱን ነው። ሃያ ዓመት ያህል ከሞተር ጎን ስለኖረ ጆሮው እየደከመ መጣ። እኔ ግን ደክሞ ነው ብዬ አላሰብኩም። «ቴሌቪዥኑን ምን ያስጮህሃል» ነበር የምለው።

የምንኖረው ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው። ሙቀቱ ሲብስ ቬንትሌተር ካልዞረ ቤቱ አያስቀምጥም። ቬንትሌተሩ ሲያጓራ እሱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይጨምራል፣ እኔ የተማሪዎቼን ደብተር ይዤ በረንዳ እወጣለሁ። አንድ ቀን ጠዋት አከራያችን በሩ ላይ ቆመው፣ የማታውን ዜና ቤታቸው ሆነው አንድም ሳይቀር እንደሰሙት በፈገግታ ነገሩን። ባለቤቴ በጣም አፈረ። የዚያኑ ዕለት ለቴሌቪዥን የሚሆን ገመድ አልባ ማዳመጫ እንደሚገዛ ነገረኝ።

ከዚያ በኋላ ነው «እሷ እንዳለችው» የሚባል ነገር ቤቴ የገባው።

እሷ ማለት መሥሪያ ቤታቸው በቅርቡ የተመደበች መሐንዲስ ናት። ማዳመጫ እንዴት እንደሚመረጥ ጠይቋት ኖሮ፣ ምሳ ስንበላ እሷ እንዳለችው፣ ራት ስንበላ እሷ እንዳለችው ሆነ። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ድምፅ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚጓዝ በየዓመቱ አስተምራለሁ። እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ ምን ይሻላል አላለኝም።

ቅዳሜ ከእሷ ጋር ወደ ሱቅ ሊሄድ መሆኑን ሲነግረኝ እኔም እሄዳለሁ አልኩ። ለበዓል ያስቀመጥኩትን ቀሚስ ለበስኩ። ባለቤቴ ከላይ እስከ ታች አየት አደረገኝ።

ልጅቷ መናኸሪያው አጠገብ ካለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ደጃፍ ቆማ ጠበቀችን። እሱን ጋሼ፣ እኔን እትዬ ብላ ሰላም አለች። እትዬ መባሌን አልወደድኩትም። ከዚያ የባሰው ግን ወዲያው ዞራ በቀኙ በኩል መቆሟ ነበር። ባለቤቴ የተሻለ የሚሰማው በቀኝ ጆሮው ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ያን ዕለት፣ እሷ ዝግ ብላ ስታናግረው እሱም ሳያስደግም ሲመልስላት ነው። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ከጓዳ ስጮህበት ኖሬያለሁ።

ባለሱቁ መጀመሪያ ጆሮ ውስጥ የሚሸጎጡትን ትንንሾቹን አወጣ። ሰው ሁሉ የሚገዛው እነሱን ነው አለ። ልጅቷ እነሱ ለስልክ እንጂ ለቴሌቪዥን እንደማይመቹ፣ ቻርጃቸውም ፊልሙ ሳያልቅ እንደሚያልቅ ነገረችው። ቀጥላ ቴሌቪዥናችን ብሉቱዝ እንዳለው ጠየቀች። ባለቤቴ ወደ እኔ አየ። የለውም፣ አሮጌ ነው አልኩ፤ እሷ የማታውቀውን አንድ ነገር በማወቄ ደስ አለኝ። እሷ ግን ለዚያም መልስ ነበራት። እንግዲያው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚሰካ የራሱ ማስተላለፊያ ያለው ይሁን፣ ርካሹን ብሉቱዝ ከሰካንበት ዜና አንባቢው ተናግሮ አፉን ከዘጋ በኋላ ነው ድምፁ የሚመጣው አለች። በሮቢት ሙቀት ደግሞ ጆሮው ላይ የሚያርፈው ጨርቅ እንጂ ቆዳ መሆን የለበትም። አንዱም አልተሳሳተም። ያናደደኝም ይኸው ነው።

በእልህ ከመደርደሪያው አንድ የሚያብረቀርቅ፣ ቆዳ የለበሰ አንስቼ ይኸኛው ይሻላል አልኩ። ባለቤቴ እኔን ላለማስከፋት አጠለቀው። ብዙም ሳይቆይ ላቡ በጉንጩ ወረደ። አውልቆ አስቀመጠው። የገዛነው እሷ የመረጠችውን ግራጫውን ነው፤ እኔ ካነሳሁት በጣም ይረክሳል፣ ለእኛ አቅምም የሚሆነው እሱ ነበር።

ቤታችን ፀጥ አለ። የተመኘሁት ይህንኑ ነበር፤ ሲመጣ ግን አልቻልኩትም። ባለቤቴ ብቻውን ይስቃል። ስጠራው አይሰማም። ምን አሳቀህ ስለው «ምንም» ይላል። እዚያ ማዳመጫ ውስጥ ከልጅቷ ጋር የተቀመጠ መሰለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት ለሥራ ጀውሃ ሄዶ ሳለ ማዳመጫውን አነሳሁና አጠለቅሁት፣ ቴሌቪዥኑንም ከፈትኩ። ድምፁ ጭንቅላቴን የመታኝ ያህል ስለሆነብኝ ከጆሮዬ መንጭቄ አወለቅሁት። መጨረሻው ድረስ ተከፍቶ ነበር። እሱ በየምሽቱ የሚሰማው በዚህ ድምፅ ነው።

ሲመለስ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ጠየቅሁት።

«ጆሮህ ይህን ያህል መድከሙን ልጅቷ ታውቃለች?»

«ታውቃለች። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከኋላዬ ጠርታኝ አልሰማኋትም።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

ጫማውን እያወለቀ ነበር። ቀና አላለም።

«አንቺ ፊት ደንቆሮ መሆን አልፈለግሁም» አለ። «እሷ ምኔም አይደለችም። ለእሷ መናገር ቀላል ነው።»

ይህ ቃል ሊያበርደኝ ይገባ ነበር። ግማሹን አበረደኝ። ግማሹ ግን፣ ባሌ ምስጢሩን መጀመሪያ የነገረው ለሌላ ሴት ነው እያለ ነደደ።

ቢሆንም በማግስቱ መሥሪያ ቤታቸው ሄጄ ልጅቷን አገኘኋት። አባቷ ወፍጮ ቤት ሲሠሩ ጆሯቸው እንደተጎዳ፣ ደብረ ብርሃን ወስዳ እንዳስመረመረቻቸው ነገረችኝ። የሐኪሙን ቦታ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። አመሰገንኳት፤ ምስጋናው የወጣኝ በግድ ነው። ሰኞ ደብረ ሲናን አልፈን ደብረ ብርሃን ወጣን። ሐኪሙ ግራ ጆሮው እንደማይመለስ፣ ቀኙን ግን ከጩኸት ከጠበቀው ባለበት ሊያቆየው እንደሚችል አስረዳን። ባለቤቴ አሁን ሞተር አጠገብ ጆሮውን ሳይሸፍን አይቆምም፤ የማዳመጫውን ድምፅም ቀንሷል። ያልሰማውን ነገር ምን ተባለ ብሎ የሚጠይቀኝ እኔን ነው።

ልጅቷ ባለፈው ወር ወደ ማጀቴ ከተማ ተዛወረች። ልትሰናበተን ቤት መጥታ ምሳ ጋበዝናት። ስንበላ ባለቤቴ ስልኩ እንዳረጀ አነሳና የትኛውን ቢገዛ እንደሚሻል ሊጠይቃት ወደ እሷ ዞረ።

«እኔ እመርጥልሃለሁ» አልኩ፣ እሷ አፏን ሳትከፍት።

ልጅቷ ሳቀች። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም።