የፖርታሉ ባለቤት

የምሠራበት የምርምር ተቋም የካ ውስጥ ነው፤ የቢሮዬ መስኮት ወደ እንጦጦ ያያል። ተቋሙ ትልቅ ሰርቨር አስገብቶ ነበር፤ የሚጠቀምበት ሰው ግን ጠፋ። የዕፅዋት፣ የአፈር፣ የቋንቋ ተመራማሪዎች ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ መጻፍ ከየት ይልመዱ? ስለዚህ ማንም ተመራማሪ ከላፕቶፑ መረጃውን የሚልክበት፣ ሰርቨሩም አስልቶ ውጤቱን የሚመልስበት ፖርታል እንድሠራ ታዘዝኩ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ወረፋውን፣ ፈቃዱን፣ የሚላከውን ፋይል የመጠን ገደብ፣ ሁሉንም ብቻዬን ሠራሁት። ሲያልቅ ሦስት ሰው ተመዘገበ፤ አንዷ እኔው ነበርኩ።

ከዚያ አንዲት ባልደረባ ተቀጥራ እኔው ቢሮ ገባች። በአሥር ዓመት ያህል ታንሰኛለች፤ ኦሮምኛም አማርኛም በሚነገርበት ቤት ያደገች የእንጦጦ ግርጌ ልጅ ናት። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ኮምፒውተሯን ትታ ከተመራማሪ ተመራማሪ ትዞር ጀመር። ምን እንደሚለኩ፣ ምኑ እንደሚያሰለቻቸው ትጠይቃለች። ሥራ ፈት መሰለችኝ። በሁለተኛው ወር የፖርታሉን የመጀመሪያ ገጽ አፍርሳ በሌላ ተካችው። «ምን ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ በሦስት ቋንቋ የሚጠይቅ ገጽ ነበር። ሰው ጎረፈ። ከሥር የሚሠራው ሁሉ የእኔ እንደሆነ ማንም አላስታወሰም።

ይበልጥ ያንገበገቡኝ አንዲት የዕፅዋት ተመራማሪ ዶክተር ናቸው። እንጦጦ ላይ ከባሕር ዛፉ መሀል የቀረውን ጽድ፣ ከአየር ላይ በተነሱ ፎቶዎች ይቆጥራሉ። ከሰላምታ በቀር ከእኔ ጋር ቃል ተለዋውጠው የማያውቁት ሴትዮ አንድ ቀን በራችንን ገፋ አድርገው «የፖርታሉ ባለቤት አለች?» አሉ። ቀና አልኩ። የሚያዩት እሷን ነበር። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ብዙም ሳይቆይ ለአዳዲስ ተመራማሪዎች ሥልጠና ተዘጋጀ፤ ዶክተሯም በራሳቸው ፎቶዎች የፖርታሉን አሠራር እንዲያሳዩ ተወሰነ። በዋዜማው ባልደረባዬ «ፎቶዎቹ ከመጠን ገደቡ አያልፉም አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። እንደሚያልፉ አውቅ ነበር፤ ፖርታሉ ራሱ የሚልከው ማስጠንቀቂያ ጠዋት በኢሜይል ደርሶኛል።

«ችግር የለም» አልኳት።

በማግስቱ፣ አዳራሹ ሞልቶ፣ ፖርታሉ ፎቶዎቹን አልቀበልም አለ። ዶክተሯ ደግመው ሞከሩ። ሰዉ መንሾካሾክ ጀመረ። ባልደረባዬ ተነስታ «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስቀድሜ ማረጋገጥ ነበረብኝ» አለች። ያኔ ከኋላ ተነሳሁና የመጠን ገደቡን ቁጥር ቀየርኩ፤ ሠራ። አጨበጨቡልኝ። ዶክተሯ እጄን ይዘው «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር፣ ልጄ!» አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተመኘኋት ምስጋና ነበረች። እጄን ቀስ ብዬ ከእጃቸው አወጣሁ።

ከሥራ ስንወጣ፣ እሷ ታክሲ እስከምትይዝበት እስከ ሾላ ገበያ ድረስ አብሬያት በእግር ሄድኩ። ሽንኩርት ሻጮቹ ጋ ስንደርስ አላስቻለኝም።

«ገደቡን አውቅ ነበር።»

«ገብቶኛል» አለች ሳታየኝ። «ኢሜይሉ ለእኔም መጥቶ ነበር፤ ያየሁት ግን ዛሬ ከሥልጠናው በኋላ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ራስሽ ትነግሪኝ እንደሆነ ብዬ ነው። ምን አድርጌሽ ነው ግን?»

ምንም አላደረገችኝም። «ስለሚወዱሽ ነው» ስላት የገዛ ድምፄ አሳፈረኝ። አልሳቀችም፤ አላጽናናችኝምም። «ለዶክተሯም ንገሪያቸው» ብላኝ ታክሲው ውስጥ ገባች።

ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ «ቅዳሜ ሁለታችሁም ከእኔ ጋር ትወጣላችሁ» አሉ። እንጦጦ ማርያም አካባቢ ኮምፒውተሩ ጽድ ያለው እውነት ጽድ መሆኑን ዛፍ በዛፍ እያየን ዋልን። ባልደረባዬ ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር በኦሮምኛ እየተሳሳቀች ዱሮ የት የት ዛፍ እንደነበረ ስትጠይቅ፣ ቅናቱ እንደገና ተነሳብኝ። ወደ ዶክተሯ ዞርኩና «ፖርታሉ ላይ ምኑ ነው የሚያስቸግርዎት?» አልኳቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ዳገቱን እስክንወርድ ድረስ ነገሩኝ፤ አብዛኛው የእኔው ጥፋት ነበር።

አሁንም አንድ ቢሮ ነን። ይቅርታ አድርጋልኛለች፤ ግን አንድ ነገር ጠይቃኝ ስመልስላት፣ «እሺ» ትልና ራሷ ፖርታሉን ከፍታ ታረጋግጣለች። አንድም ቀን ለምን ብያት አላውቅም።